በቼዝ ጨዋታ ጥቁሩ ሲደርሰን ምን እናድርግ?

ቼዝ የሚጫወት ሰው ሁሉ፥ ዕድሜውን በሙሉ ቢጫወት፥ ከጨዋታዎቹ እኩሌታ ያህሉን የሚጫወተው በጥቁር ጠጠር ነው። በውድድር ደንብ ነጩና ጥቁሩ በየተራ ይደርሳሉና ከዚህ ዕጣ የሚያመልጥ የለም። ነገሩ እንዲህ ሁኖ ሳለ፥ አብዛኞቻችን የምናጠናው ግን ነጭ ሲደርሰን የምናደርገውን ብቻ ነው። ነጭ ሲደርሰን ፊታችን ይፈካል፤ ጥቁር ሲደርሰን ትከሻችን ይወድቃል፤ «ዛሬስ እኩል ለእኩል ከወጣሁ ይበቃኛል» ብለን እንቀመጣለን። እንዲህ ብሎ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እኩል ለእኩል እንኳ ሳይወጣ ይነሣል።

ለዛሬ የመረጥነው ጉዳይ ይኸው ነው። ጥቁር የደረሰው ሰው የትኛውን መከላከያ ይምረጥ? መከላከልስ ማለት ምን ማለት ነው? የምንጽፈው ስማቸው ለተጠራ ሊቃውንት ተጫዋቾች አይደለም፤ ከትምህርት ቤት ወይም ከመሥሪያ ቤት መልስ በሳምንት አንድ ሁለት ማታ ሰሌዳ ለሚዘረጋ ተማሪና ወጣት ሠራተኛ ነው። የእርሱ ጊዜ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ምርጫው ትክክል መሆን ይገባዋል።

የአንድ እርምጃ ዕዳ

አስቀድመን ዕዳውን በልኩ እንየው። ነጩ ቀድሞ ይንቀሳቀሳልና ጥቁሩ ከመነሻው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ነው። ይህ አንድ እርምጃ ምን ያህል ይመዝናል? በውድድር የተመዘገቡትን ጨዋታዎች የቈጠሩ ሰዎች እንደሚነግሩን፥ ማሸነፍ አንድ ነጥብ፥ እኩል መውጣት ግማሽ ነጥብ ተብሎ ሲታሰብ፥ ነጩ ከመቶው ነጥብ ከ52 እስከ 56 የሚሆነውን ያገኛል፤ የቀረው የጥቁሩ ነው። ልዩነት መኖሩ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ትከሻ የሚያስጥል ልዩነት አይደለም። በእኛ ደረጃ ላለ ተጫዋችማ አንድ ፈረስ በዝንጋታ ማስበላት ከዚህ ሁሉ የከፋ ጉዳት ነው።

ይህ ዕዳ በሁለት መንገድ ይከፈላል። አንደኛው መንገድ፥ ጠንክሮ ቁሞ፥ የነጩ ብልጫ ቀስ በቀስ እስኪሟሟ ድረስ በትዕግሥት መጠበቅ ነው። ሁለተኛው፥ ነጩ መሐሉን ይዞ ሳይደላደል ገና ከመጀመሪያው መሐሉን መግጠም ነው። መሐል የምንለው በሰሌዳው እምብርት ያሉትን አራት ቤቶች ሲሆን፥ እነዚህን የያዘ ሰው ጠጠሮቹን ወደ ቀኝም ሆነ ወደ ግራ ለማዞር መንገዱ ያጥርለታል። ሁለተኛውን መንገድ የሚከተለው ንቁ መከላከያ ይባላል።

ንቁ ስንል ግን ችኩል ማለታችን አይደለም። ንግሥቱን በሦስተኛው እርምጃ አውጥቶ የሚያንከራትት፥ ጠጠሩን ያለ ሒሳብ የሚሠዋ ተጫዋች ንቁ ሳይሆን ቁጡ ነው። ንቁ መከላከያ የሚባለው፥ ጥቁሩ በየትኛው ሰዓት፥ በየትኛው ጠጠር፥ የትኛውን ቤት እንደሚመታ ከመነሻው የሚያውቅበት አሰላለፍ ነው።

በፈረስ መጋላ የሰማነው

ይህን ነገር በሚገባ ያብራራልን ከመጽሐፍ ያገኘነው ቃል ሳይሆን፥ በሐረር ከተማ የሰማነው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። በጀጎል ውስጥ፥ ከፈረስ መጋላ ጥቂት ራቅ ብሎ፥ ከአንድ ቡና ቤት ደጃፍ ሁለት ወጣቶች ይጫወቱ ነበር። ጥቁር የደረሰው ወጣት ወታደሮቹን አንድ አንድ ቤት ብቻ እየገፋ አሰለፋቸው፤ ከኋላቸው ፈረሶቹን ደረደረ፤ ከዚያ በኋላ ግንቡን ወደ ግራ፥ መልሶ ወደ ቀኝ ከማመላለስ በቀር ሥራ አጣ። ነጩ በበኩሉ ሳይቸኩል ጠጠሮቹን እያመጣ ከበበው። አጠገባቸው ቡናቸውን የሚጠጡ አንድ ሽማግሌ ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፥

«ልጄ፥ ምን እየጠበቅህ ነው?» አሉት።

«አባባ፥ ጥቁር እኮ ነው የደረሰኝ፤ እየተከላከልሁ ነው» ብሎ መለሰ።

«ተከላከል እንጂ! ግን ጀጎልም እኮ በር አለው» አሉት።

ወጣቱም ሣቀ፤ እኛም ሣቅን። ይሁን እንጂ ቃሉ ከሣቅ ያለፈ ቁም ነገር ያለበት ነው። የሐረር ግንብ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን ከተማይቱን ከጥቃት ለመጠበቅ እንደ ተሠራ ይታወቃል። ዙሪያው ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2006) በዩኔስኮ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግንቡ ያለ በር የተሠራ አልነበረም፤ ሸዋ በር፥ ፈላና በር፥ ኤረር በር፥ ሰንጋ በርና ቡዳ በር የሚባሉ አምስት በሮች ነበሩት። ዛሬ መኪና የሚገባበት ሰፊው በር በኋላ ዘመን የተከፈተ ነው። በሮቹ ማታ ይዘጉ፥ ቀን ይከፈቱ ነበር። ከዘይላ ወደብ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚገባው፥ የሐረር ቡናና ሸቀጥ የሚወጣው በእነዚህ በሮች ነው። ከተማይቱ በግንቧ ተጠበቀች፤ የኖረችው ግን በበሮቿ ነው።

በቼዝ ሰሌዳ ላይም እንዲሁ ነው። ወታደሮቻችን ግንብ ናቸው፤ ከኋላቸው ያሉት ጠጠሮች የሚወጡበት በር ከሌላቸው ግን ግንቡ እኛኑ ያስራል። እንግዲህ አንድ መከላከያ ሲቀርብልን ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለብን፥ «በሩ የት ነው? መቼስ ይከፈታል?» ብለን ነው።

አባቶቻችን ተራ አይጠብቁም ነበር

አንዳንድ ሰው፥ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የቈየ ጠባያችን ነው ይል ይሆናል። ከጨዋታ የተገኘ ጠባይ ከሆነ ግን ከሰንጠረዥ የተገኘ አይደለም። ሰንጠረዥ አባቶቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት የተጫወቱት የቼዝ ዓይነት ነው። ስሙ ሻጥራንጅ ከሚለው የዓረብኛ ቃል ጋር አንድ ሲሆን፥ ከጠጠሮቹ አንዱ «ፊል» ይባላል። በሐረር ቁርዓን የሚማር ሕፃን ፊል ማለት ዝሆን መሆኑን ሳይነግሩት ያውቃል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት፥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ጽፏል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትም የጨዋታውን ታሪክና ሕግ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት አሳትመዋል።

ሰንጠረዥን ከሌላው ቼዝ ሁሉ ልዩ የሚያደርገው አጀማመሩ ነው። ይህ አጀማመር ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ የሌላውን እጅ ሳይጠብቅ፥ በአንድ ጊዜ ጠጠሮቻቸውን እንደ ወደዱ ያሰልፋሉ። አንዱ አሰላለፉን ሲለውጥ ሌላው አይቶ የራሱን ይለውጣል። ወረራው የሚያበቃው ከሁለት አንዱ የመጀመሪያውን ጠጠር ሲበላ ነው፤ በየተራ መጫወት የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚህ አጀማመር ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ አሰላለፍ በቃል ተጠንቶ የሚወረወር ነገር ሳይሆን የተጋጣሚን አሰላለፍ እያዩ የሚሠሩት ነገር ነው። ሁለተኛ፥ ዋናው ቁም ነገር ማን ቀድሞ ተነሣ ሳይሆን፥ የመጀመሪያውን ምት የሚመታበትን ሰዓት ማን መረጠ የሚለው ነው። ዛሬ በምንጫወተው ቼዝ ጥቁሩ ቀድሞ መነሣት አይችልም፤ የምቱን ሰዓት መምረጥ ግን ይችላል። የንቁ መከላከያ ምስጢር በሙሉ ይኸው ነው።

የንጉሡ ወታደር ሲመጣብን፦ ሦስት በሮች

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት በስሞች እንግባባ። ወታደር የምንለው ከፊት የሚሰለፉትን ስምንት ትንንሽ ጠጠሮች ሲሆን፥ እያንዳንዱ ከኋላው ባለው ጠጠር ስም ይጠራል፤ የንጉሥ ወታደር፥ የንግሥት ወታደር እያልን። ጳጳስ የምንለው በሰያፍ የሚሄደውንና አያሌ ተጫዋቾች ቢሾፕ የሚሉትን ነው። ጳጳሶችና ፈረሶች ሁለት ሁለት ስለሆኑ፥ በየትኛው ወገን እንደቆሙ ለመለየት የንጉሡ ፈረስ፥ የንግሥቲቱ ጳጳስ እንላለን።

ነጩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው የንጉሥ ወታደሩን ሁለት ቤት በመግፋት ነው። ጥቁሩ ያንኑ በመድገም የራሱን የንጉሥ ወታደር ሁለት ቤት ቢገፋ ደንበኛና ጤነኛ መልስ ነው፤ ለጀማሪም ጨዋታን የሚያስተምር እርሱ ነው። ነገር ግን የሚሄድበትን መንገድ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው ነጩ ይሆናል። የራሱን መንገድ መምረጥ ለሚሻ ጥቁር በይበልጥ የታወቁት በሮች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የፈረንሳይ መከላከያ ነው። ይህን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1834 የፓሪስና የለንደን ተጫዋቾች በደብዳቤ ባደረጉት ግጥሚያ ፓሪሶች ስለ ተጠቀሙበት ነው። ጥቁሩ የንጉሥ ወታደሩን አንድ ቤት ብቻ ይገፋል፤ በሚቀጥለው እርምጃ የንግሥት ወታደሩን ሁለት ቤት ገፍቶ መሐሉን ይገጥማል። ግንቡ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም አንድ እስረኛ አለበት፤ ይኸውም የንግሥቲቱ ጳጳስ ነው። የንጉሥ ወታደር መንገዱን ስለ ዘጋበት ብዙ ጊዜ ከውስጥ ተቀምጦ ይውላል። ፈረንሳይን የሚመርጥ ሰው ይህን ጳጳስ እንዴት እንደሚያወጣው አስቀድሞ ማሰብ አለበት። የፈረንሳይ በር የሚከፈተው የንግሥቲቱን ጳጳስ ወታደር ሁለት ቤት ገፍቶ የነጩን መሠረት በመምታት ነው። ይህን ምት የረሳ ተጫዋች በራሱ ግንብ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ካሮ ካን ይባላል። ሆራቲዮ ካሮና ማርኩስ ካን የተባሉ ሁለት ተጫዋቾች እ.ኤ.አ. በ1886 ትንታኔውን ስላወጡ በስማቸው ተጠራ። እዚህ ጥቁሩ በመጀመሪያ የሚገፋው የንግሥቲቱን ጳጳስ ወታደር አንድ ቤት ነው፤ ቀጥሎ እንደ ፈረንሳዩ የንግሥት ወታደሩን ሁለት ቤት ይገፋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው፤ የንግሥቲቱ ጳጳስ አስቀድሞ ወደ ውጭ ሊወጣ፥ በሩም ከኋላው ሊዘጋ ይችላል። ሰላማዊ፥ ጽኑና ጥቂት የሚያስጠና መከላከያ ነው። መጨረሻ ጨዋታ ለሚወድና ለማይቸኩል ሰው እንመክረዋለን። ይሁን እንጂ ጥቁሩ የራሱን ማጥቃት ለመጀመር ብዙ መታገሥ ይኖርበታል።

ሦስተኛው የሲሲሊያ መከላከያ ነው። ነጩ የንጉሥ ወታደሩን ሲገፋ፥ ጥቁሩ የንግሥቲቱን ጳጳስ ወታደር ሁለት ቤት ገፍቶ ከጎን በኩል መሐሉን ይመለከታል። ነጩ ብዙውን ጊዜ ፈረሱን አውጥቶ የንግሥት ወታደሩን ሁለት ቤት ይገፋል፤ ጥቁሩም ይበላዋል፤ ፈረሱ መልሶ ይበላል። አሁን ምን እንደ ሆነ ልብ እንበል። ጥቁሩ ከዳር የመጣ ወታደር ሰጥቶ የመሐል ወታደር ወስዷል። እርሱ ሁለቱም የመሐል ወታደሮች አሉት፤ ነጩ አንድ ብቻ ቀርቶታል። በዚያው መስመር ላይ ለጥቁሩ ግንብ መንገድ ተከፍቶለታል። በምላሹ ነጩ ጠጠሮቹን ቶሎ አውጥቷል፤ ፈጥኖ ለማጥቃትም ይችላል። እንግዲህ ሲሲሊያ ለሁለቱም ወገን የሚዋጉበትን ነገር ይሰጣል፤ ሁለቱ ወገኖች የያዙት ነገር የተለያየ ስለሆነ ጨዋታው በቀላሉ እኩል ለእኩል አያልቅም።

የንግሥቲቱ ወታደር ሲመጣብን

ነጩ በንግሥት ወታደር ሲጀምርም ጥያቄው ያው ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው መልስ፥ የንግሥት ወታደርን ሁለት ቤት ገፍቶ በንጉሥ ወታደር መደገፍ ነው። እጅግ የጸና ነው፤ ነገር ግን በፈረንሳይ መከላከያ ያየነው የታሰረ ጳጳስ እዚህም ይገኛል።

ንቁው መልስ «ኪንግስ ኢንዲያን» የሚባለው ነው። ጥቁሩ አስቀድሞ የንጉሡን ፈረስ ያወጣል፤ የንጉሡን ፈረስ ወታደር አንድ ቤት ይገፋና ጳጳሱን በተከፈተው ቀዳዳ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ንጉሡንና ግንቡን ለዋውጦ፥ ማለት ካስል አድርጎ፥ የንግሥት ወታደሩንም አንድ ቤት ይገፋል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ነጩ መሐሉን እንዲይዝ ይፈቀድለታል። ሲያዩት ጥቁሩ የተረታ ይመስላል። ነገር ግን በዳር የተቀመጠው ጳጳስ ሰሌዳውን በሰያፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያያል፤ መሐሉም በዚህ መንገድ ላይ ነው። ጥቁሩ ሰዓቱን ጠብቆ የንጉሥ ወታደሩን ይገፋና መሐሉን ይመታል። ነጩ መሐሉን ገፍቶ ቢዘጋው፥ ጥቁሩ ፈረሱን ገለል አድርጎ የንጉሡን ጳጳስ ወታደር ሁለት ቤት ይገፋል፤ ማጥቃቱም በነጩ ንጉሥ ላይ ይሆናል። ነጩም በበኩሉ በንግሥቲቱ ወገን ይመጣል። ማን ቀድሞ ይደርሳል? የዚህ መከላከያ ጣዕሙም አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

ስለ ወረራ ያልነውን የሚያስታውስ አንባቢ ኪንግስ ኢንዲያን ከአባቶቻችን አሰላለፍ ጋር የሚቀራረብ መሆኑን ሳይገነዘብ አይቀርም። ጥቁሩ ተጋጣሚውን እያየ ይሰለፋል፤ የመጀመሪያውን ምት ግን ራሱ ይመርጣል። ዳዊት ብሮንስታይን ብለን የምንጀምረው ረጅም ታሪክ ሳያስፈልግ፥ ለዚህ አሰላለፍ ኃይል አንድ ምስክር ይበቃናል። በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1956) በኒው ዮርክ ከተማ ቦቢ ፊሸር የተባለ የ13 ዓመት ልጅ ጥቁር ደርሶት ከዶናልድ በርን ጋር ተጋጠመ። የመረጠው አሰላለፍ የኪንግስ ኢንዲያን ዘመድ የሆነውን ግሩንፌልድን ሲሆን፥ ጳጳሱም በዚያው በዳሩ ቀዳዳ ተቀምጦ ነበር። ልጁ ንግሥቱን ሠውቶ፥ በጳጳሶቹና በፈረሱ የነጩን ንጉሥ እያሳደደ አሸነፈ። ጨዋታው ዛሬም የመቶ ዓመቱ ጨዋታ ተብሎ ይጠራል።

ስለ ግንቡም እውነቱን እንናገር

እስካሁን ንቁውን መከላከያ አወደስን፤ ነገር ግን የግንቡን ወገን ሳንሰማ ብንፈርድ ፍርዳችን ጐደሎ ይሆናል። በ1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2000) በለንደን ቭላድሚር ክራምኒክ ከዓለሙ ሻምፒዮን ከጋሪ ካስፓሮቭ ጋር ሲጋጠም፥ በጥቁር በኩል የበርሊን መከላከያ የተባለውን ቈየት ያለ አሰላለፍ አመጣ። በዚህ አሰላለፍ ንግሥቶቹ ገና በስምንተኛው እርምጃ ተለዋውጠው ይወጣሉ፤ የጥቁሩ ንጉሥም ካስል ሳያደርግ በመሐል ይቀራል። ሲያዩት የሚያጓጓ ነገር የለውም። ይሁን እንጂ ካስፓሮቭ በዚያ ግጥሚያ አንድ ጨዋታ እንኳ ማሸነፍ አልቻለም፤ ክራምኒክ 8½ ለ6½ አሸንፎ ሻምፒዮንነቱን ወሰደ።

እንግዲህ ግንብም ያሸንፋል ማለት ነው። ነገር ግን የክራምኒክ ግንብ በር አልባ አልነበረም፤ ሁለቱ ጳጳሶቹ ነጩ አንዱን ጳጳስ ካጣ በኋላ ለረጅሙ መንገድ የተቀመጡ ስንቆች ነበሩ። ከዚህም በላይ እንዲህ ያለውን ጨዋታ ለመጫወት የመጨረሻ ጨዋታን ጥበብ ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልጋል። ያን ያህል ጥናት ጊዜ የሌለው ሰው ግንቡን ቢቀዳ ድንጋዩን እንጂ ጥበቡን አያገኝም።

በሌላው ወገን የካስፓሮቭን የራሱን ምሳሌ እናንሣ። ጥቅምት 30 ቀን 1978 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር 1985) በሞስኮ ከአናቶሊ ካርፖቭ ጋር የሚያደርገው ግጥሚያ ወደ መጨረሻው፥ ማለት ወደ 24ኛው ጨዋታ ደረሰ። ካስፓሮቭ 12 ለ11 ይመራ ነበር፤ ጥቁርም ደርሶት ነበር። እኩል ለእኩል መውጣት ብቻ ሻምፒዮን ያደርገው ነበር፤ ካርፖቭ ግን ማዕርጉን ላለማጣት የግድ ማሸነፍ ነበረበት። እንዲህ ባለው ቀን ማንኛችንም ብንሆን ግንብ መሥራት የሚያምረን ይመስለናል። የ22 ዓመቱ ካስፓሮቭ የመረጠው ሲሲሊያን ነው። ካርፖቭ አጠቃ፤ ካስፓሮቭ መልሶ መታ፤ አሸነፈም። በጥቁር ጠጠር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ምርጫችንና አጠናናችን

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በሳምንት አንድ ሁለት ማታ ብቻ ላለው አንባቢያችን አንድ ጥንድ መምረጥ ይበቃዋል፤ ለንጉሡ ወታደር አንድ፥ ለንግሥቲቱ ወታደር አንድ። የእኛ ምክር፥ ሲሲሊያንና ኪንግስ ኢንዲያንን አጣምሮ መያዝ ነው፤ ያውም በሲሲሊያው ውስጥ ጳጳሱን በዚያው በንጉሡ ፈረስ ወታደር ቀዳዳ ማስቀመጥ። በዚህ ዘዴ አንዱ ጳጳስ፥ አንዱ የንጉሥ መሸሸጊያ፥ አንዱ ዐሳብ በሁለቱም መከላከያ ያገለግላል። የአንዱ ጥናት ለሌላው ይሆናል፤ ጊዜም ይተርፋል።

የዚህ ምርጫ ጉድለት እንዳይሰወር ደግሞ እንናገራለን። በሲሲሊያው ጳጳሱን በዳር ስናስቀምጥ፥ ነጩ የንጉሥ ወታደሩንና የንግሥቲቱን ጳጳስ ወታደር ሁለት ሁለት ቤት ገፍቶ መሐሉን እንደ መቈንጠጫ ሊይዘው ይችላል። ይህ አያያዝ በሀንጋሪው ተጫዋች በጌዛ ማሮትሲ ስም ይጠራል። ያን ጊዜ ቦታ ይጠበናልና መድኃኒቱ ጠጠሮችን መለዋወጥ ነው፤ በጠባብ ቤት ሰው ሲያንስ ይደላልና። ከዚያ በኋላ ከዳር በሚገፋ ወታደር መቈንጠጫውን መምታት ነው። ይህን ትግል የማይወድ አንባቢ ካሮ ካንን ቢመርጥ አንነቅፈውም፤ ዋናው ነገር ሳይመርጡ አለመቀመጥ ነው።

ሌላም ቢመርጥ ከምርጫው በፊት አራት ጥያቄ ይጠይቅ። አንደኛ፥ በመጀመሪያዎቹ አሥር እርምጃዎች ውስጥ መሐሉን የምመታው በየትኛው ወታደር ነው? ሁለተኛ፥ የትኛው ጠጠሬ ይታሰራል? በየትስ ይወጣል? ሦስተኛ፥ ተጋጣሚዬ ከመጽሐፉ መንገድ ቢወጣ፥ ዐሳቤ አብሮኝ ይኖራል ወይስ የሸመደድሁት ሁሉ ይጠፋል? አራተኛ፥ ጠጠር ሁሉ ተለዋውጦ ቢያልቅ በእጄ የሚቀረው ምንድን ነው? ለእነዚህ መልስ የሚሰጥ መከላከያ፥ ስሙ ምንም ቢሆን፥ ንቁ ነው።

ከመረጡ በኋላ መጽናት ያስፈልጋል። በሁለት ሽንፈት መከላከያውን የሚለውጥ ሰው ሁልጊዜ ጀማሪ ነው። ቢያንስ 20 ወይም 30 ጨዋታ በአንዱ ጥንድ ይጫወት። ጨዋታውን በደብተር ይጻፍ፤ ዛሬ በእጅ ስልክ የሚጫወተው ሰው ጨዋታው ራሱ ተመዝግቦ ይቈየዋልና ሰበብ የለውም። ሲጨርስም ያሸነፈ ይሁን የተሸነፈ፥ በሩ የተከፈተበትን ወይም መከፈት ሲገባው ተዘግቶ የቀረበትን እርምጃ ፈልጎ በቀይ ያስምርበት። ብዙ የመክፈቻ መስመር በቃል ከመያዝ ይህ አንድ መስመር ይበልጣል።

በመጨረሻም አንድ ነገር እንጨምር። ጥቁር መድረስ በሰሌዳ ላይ ብቻ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ገና ሥራ የጀመረ ወጣት፥ ሌላው አስቀድሞ በጀመረው ጉዳይ፥ ሌላው በመረጠው ሰዓት እንዲገባ የሚታዘዝበት ቀን ብዙ ነው። ቀዳሚው እርምጃ የእርሱ አይደለም። እንዲህ ባለው ቦታ የሚያስከብረው ሁሉን መቃወምም፥ ሁሉን ተቀብሎ ዝም ማለትም አይደለም፤ ሁኔታውን አይቶ መሰለፍ፥ ዐሳቡንም በሰዓቱ ማቅረብ ነው። የቼዝ ሰሌዳ ይህን ጠባይ ያለ ብዙ ወጪ የምንለማመድበት ስፍራ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ጥቁር ጠጠር ሲደርሰን፥ ከመቀመጣችን በፊት በራችን የት እንዳለ እንወቅ፤ ከዚያ በኋላ ነጩ ይጀምር።